የብርቱካን ዶሮ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ሸለምጥማጥ ዶሮ በላ ቢባል እኛ አገር ወሬ አይሆንም፤ ያልጎበኘው የማን ቤት አለ? እኔ ግን ያቺን ጠዋት እስካሁን መርሳት አልቻልኩም።

የምኖረው ይጁቤ ነው። ከባለቤቴ ጋር የጨርቅ ሱቅ አለን። ከጓሮ አጥራችን ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ይባላሉ። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ልጆቼን ስወልድ ግን እንደ እናት የያዙኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ልጃቸው ብርቱካን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ መጥታ ነበር። ሰኔ ላይ ምጡ ጠናባት። ሕፃኗ ተወለደች፤ እናቲቱ ግን ደም ፈሷት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ሕፃኗን የአባቷ ዘመዶች ወደ አገራቸው ወደ ሮብ ገበያ ወሰዷት።

እትዬ የሻረግ በቀብሩም በድንኳኑም እንባ አልወጣቸውም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው አማቸው። “ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብርቱካን ስትመጣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ይዛ ነበር። ዶሮዋ እቤት ቀረች፤ በክረምቱ ታቅፋ ጫጩት ፈለፈለች። እትዬ የሻረግ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው በዘንግ ጭልፊት ሲያባርሩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

“ዘይነባ፣ የተረፈ ቆርቆሮ አላችሁ?”

“አለ እትዬ። ምን ሊሠሩበት ነው?”

“ሸለምጥማጡ ማዶ ቤት ገብቷል። ይቺን እንዳይበላብኝ።”

ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩና አብረን ስንሠራ አመሸን። የዶሮዋን ቆጥ ሥር በድንጋይ ደፈንን፣ ቀዳዳውን በጭቃ መረግን፣ በሩን በቆርቆሮ አለበስነው። እሳቸው ግድግዳውን በእጃቸው እየገፉ ደጋግመው ፈተሹት።

ያን ሌሊት ዶፍ ዘነበ። ጠዋት “እስኪ ነይልኝ” አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

ሸለምጥማጡ የቆጡን የበሰበሰ የጣሪያ ሣር ሰንጥቆ ገብቷል። ዶሮዋ ጥግ ላይ ክንፏን እንደዘረጋች ወድቃለች፤ አንገቷ ተበጥሷል። ላነሳት ስል ከሥሯ ጩኸት ሰማሁ። ጫጩቶቹ ከክንፏ በታች ተጠጋግተው በሕይወት አሉ።

እትዬ የሻረግ ቆመው አዩዋቸው። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

“ልጄም እንዲህ ነው የሄደችብኝ” አሉ። “ያውም እንደዚች እንኳ የወለደቻትን ሳታቅፍ።”

ከዚያ በኋላ የወጣው ልቅሶ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ስሟን እየጠሩ፣ ፊታቸውን እየነጩ አለቀሱ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

“ማን ሞተ?” አለች አንዷ።

“ብርቱካን” አልኳት።

ያሟቸው ሴቶች ሳይቀሩ አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠው አብረዋቸው አለቀሱ።

ጫጩቶቹን በካርቶን አድርገን፣ ከሱቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥቼ፣ ምድጃ ዳር አስቀመጥናቸው። አብዛኞቹ ብርዱን አልቻሉትም፤ ጥቂቶቹ አደጉ።

መስከረም ሲጠባ እትዬ የሻረግ ሕፃኗን ለማየት ሮብ ገበያ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሊያቅፏት ቢሞክሩ ባዳ እንደያዛት ሁሉ አለቀሰች። ስንመለስ መኪና ውስጥ “አላወቀችኝም” አሉኝ።

አሁንም መንገዱ ሰላም ሲሆን እየሄዱ ያዩዋታል። ሲመለሱ እንዴት ሆነች ብዬ አልጠይቅም፤ ዓይናቸው ማበጡን አይቼ አውቃለሁ። ግን ደግሞ እንኳን አለቀሱ እላለሁ፤ ያን መሬት መሬት የሚያይ ፊታቸውን ዳግም አያሳየኝ።