ቁልቁለቱ ላይ የነበረው ቤት

የክፍል ጓደኞቿ «ቆርጣሚ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ላይ ነው። መምህራቸው ደለልና ሸክላ በዓይን አልለይ ሲል ጥቂት ቆርጥሞ ማየት የቆየ ዘዴ መሆኑን ነገራቸው፤ ጥርስ ላይ ከሻከረ ደለል፣ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። ሌሎቹ ተያይተው ሲሳሳቁ እሷ ከመንገዱ ዳር ቆንጥራ አፏ ውስጥ ከተተችው። «ሸክላ ነው» አለች፣ እየተጉመጠመጠች። ከዚያ ወዲህ በተማሪዎች መመገቢያ ዳቦው በደረቀ ቁጥር «ለቆርጣሚ አሳዩዋት» ማለት ልማድ ሆነ።

ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ ለብቻው በቆመ ቤት ትኖራለች። ከቤቱ በታች ገደል እንጂ ጎረቤት የለም። ባሏ በሕይወት ሳለ ድንጋዩን እየጠረበ በገዛ እጁ የሠራው ቤት ነው። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች «ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ድንጋይ ነው አሉ?» ሲሏት፣ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ድንጋይ ራስ ከመሆን ድንጋይ መማር ይሻላል» ትላቸው ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ መሬት መንሸራተት ተማሩ። መምህሩ ፎቶ እያሳየ ምልክቶቹን ይዘረዝራል፦ ከሥራቸው የጎበጡ ዛፎች፣ ያጋደለ አጥር፣ አልዘጋ የሚል በር። በሩን ሲጠራ ልጅቷ መጻፍ አቆመች። የአክስቷ የጓሮ በር አልገጥም እያለ በየዓመቱ አናጢ ይጠራለታል። አክስቷም አናጢውን ስታማ ነው የኖረችው።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄዳ ጓሮውን ስትፈትሽ፣ ሣሩ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘች። ከወዲህና ከወዲያ ካስማ ተከለች፤ የአክስቷን ሜትር ተውሳ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካች። በመጣች ቁጥር ትለካለች፤ በመጣች ቁጥር ርቀቱ ሰፍቶ ይጠብቃታል። በመጨረሻ መምህሯን ይዛው መጣች። ሰውየው ቁልቁለቱን ወጣ፣ ወረደ፣ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ።

«መቼ እንደሚወርድ ማንም አያውቅም» አላቸው። «እኔ ግን እናቴን እዚህ አላሳድርም።»

አክስት ሻይ አቅርባ፣ አመስግና ሸኘችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ይህን ቤት አጎትሽ ነው የሠራው። ስንት ክረምት አልፎበታል። የትም አልሄድም።»

ልጅቷ ስለ ውሃ፣ ስለ ሸክላ፣ ስለ ክብደት አስረዳች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አኩርፋ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተመለሰች። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ፍራሿን ተሸክማ መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አክስት።

«ዕረፍቱን እዚሁ ላድር ነው።»

«ይወርዳል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አእምሮሽን ሳትሽ?»

«አንቺ ካለሽበት ወዴት ልሂድ፣ እትዬ?»

አክስት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ቆይቶ ጸጥ አለ። በማግስቱ ልጅቷ ስትነቃ፣ አክስቷ መኪናውን ከጠረጴዛው ላይ ስትፈታ አገኘቻት።

ሜዳው ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ክረምቱ ዘንቦ ዘንቦ ወጣ፤ ቤቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰው ደግሞ አፉን ማን ይዞለት። «ቤቷ ቆሟል፣ እሷ ተከራይታለች» ተባለ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወደ ስንጥቁም መሄድ ተወች።

«ከቤትሽ በከንቱ አስወጣሁሽ» አለች አንድ ቀን። «ትምህርቱንም ልተወው ነው። ለኔ የሚሆን አይደለም።»

አክስት መቀሱን አስቀመጠች። «ስሚኝ። ቤቱ ቢቆምልኝ ደስታዬ ነው። ተሳስተሽም ቢሆን ደስታዬ ነው። አይተሽ ዝም ብትዪኝ ኖሮ ግን እሱ ነበር የሚያንገበግበኝ።» ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች። «ነይ፣ እንለካ። መለካት እንደሁ የኔም እንጀራ ነው።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብረው መውጣት ጀመሩ። አክስት ጎንበስ ብላ ሜትሩን ካስማው ላይ ትይዛለች፤ ልጅቷ ታነባለች። እግረ መንገዳቸውን ስለ አጎት ያወራሉ፤ ስለ ሳቁ፣ ስለ ማንኮራፋቱ።

ቁልቁለቱ የሄደው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ሰንብቶ፣ አንድ ረፋድ ላይ አናጢው በጭቃ ተለውሶ መጣ። «ጓሮው ሄዷል» አለ። ሲደርሱ ቤቱን ለሁለት ተከፍሎ አገኙት፤ የጓዳው ወገን ከነግድግዳው ገደል ወርዷል። የቀረው በዓይናቸው ፊት አጋደለ፣ ቀስ ብሎም ተከተለ። ውስጡ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አክስት ሻሿን ፈትታ ፊቷን ጠረገችላት።

«ምን ያስለቅስሻል? ያልሽው አልሆነም እንዴ?»

«እንዲሆን አልፈለግኩም።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም» አለች አክስት። ከዚያ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ሲያያት አልቅሳ የማታውቀው ሴት፣ ያን ቀን አለቀሰች።

የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው፤ አክስቷን አስፈቅዳ። ጥናቱን ስታቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ በመስክ ማን እንደረዳት ጠየቃት። «አክስቴ» ብላ ወደ ፊተኛው ወንበር አመለከተች። አክስት ለዚያ ቀን ብላ የሰፋችውን ቀሚስ እያስተካከለች፣ ብድግ ብላ እጅ ነሣች። በቆርጣሚ ሲቀልዱ የነበሩት ሁሉ ቆመው አጨበጨቡ።

ዛሬ መንገድ ከመጠረጉ በፊት ተዳፋቱን በሚመረምር መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አንዳንዴ «ልቀቁ» የምትላቸው ሰዎች እንቢ ይላሉ። ያን ጊዜ ስለ አፈሩ አታወራም፤ ቁጭ ብላ ቤቱን ማን እንደሠራው ትጠይቃለች። አክስትና እሷ አሁንም አብረው ናቸው፤ ቤታቸው ሜዳ ላይ ነው። አክስት ነፋስ የለውም እያለች በየቀኑ ታማርራለች።