ያለ ድንጋይ የተቀበረችው እናቴ

ልጄ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት በስኳር ቁራጮች ፒራሚድ ስትሠራ፣ “ጉንዳን ልትሰበስቢብን ነው?” ብዬ ጮህኩባት። በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ፎቅ ላይ ጉንዳን የለም፤ ግን መጮህ ፈልጌ ነበር። እሷ እያጣበቀች ታወራለች። ትልቁን ፒራሚድ ያሠራው ንጉሥ ያን ሁሉ ድንጋይ አስቆልሎ፣ ዛሬ ውስጡ ሲገባ የሬሳ ሣጥኑ ባዶ ነው። የእሱ ለመሆኑ የማያጠራጥረው ሐውልት ደግሞ ከጣት አይበልጥም።

“ኤንድ ግራንድማ?” አለችኝ ድንገት። “የሷስ ድንጋይ የት ነው?”

እናቴ ከሞተች ወራት አልፈዋል። ከመሞቷ በፊት፣ “አደራ፣ ድንጋይ እንዳታቆሙብኝ” ብላናለች። ለእሷ ፈርዖኖች ሁሉ አንድ ነበሩ፤ ድንጋይ ሲያስቆልሉ ኖረው ባሕር የበላቸው። “ከአፈር መጥቶ በአፈር ላይ መኩራት ምን ይሉታል?” ትል ነበር። አደራ ከባድ ነውና ቃሏን ጠበቅን። በአገራችን ሙስሊሞች ልማድ ሴት ቀብር አትወጣም፤ ወንድሜና ሌሎቹ ወንዶች እዚሁ ከተማ ቀብረዋት ሲመጡ እኔ ቤት ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አለቀቀችኝም። አውቶቡስ ውስጥ ጀርባዋን አያለሁ። አንድ ቀን ተከትያት ወረድኩ፤ ዞር ስትል የማላውቃት ሴት ናት። መቃብሯን ባየው የሚለቀኝ መሰለኝ።

እሑድ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ “ከአጥሩ በኩል፣ ጥዱ ሥር” ብሎኝ ነበር። ስንደርስ ሜዳው በረዶ ለብሷል፤ ጥዱም አንድ አይደለም። የመቃብር ስፍራው ቢሮ ዝግ ነው። ወንድሜን ኮል ባደርግ ትራክ እየነዳ ነው መሰለኝ አያነሳም። በረዶውን በጫማዬ ብገፋ ሣር ብቻ ወጣ። ወዲያው ደነገጥኩ፤ ምናልባት የቆምኩት እላይዋ ላይ ይሆናል። እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ።

ተናደድኩ። በእናቴ ተናደድኩ። ለዚያ ንጉሥ ተራራ የሚያክል ምልክት፣ ለእሷ ጠጠር እንኳ የለም! ቀናሁበት ብል አላፍርም። እርግጥ ፒራሚዱ እያለ እሱ ጠፍቷል፤ እናቴ ግን እዚሁ አንድ ቦታ አለች። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር፤ አላጽናናኝም። መዳፌን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁ፤ ማን ራስጌ እንደቆምኩ ግን አላውቅም።

ልጄ በብርድ የቀላ አፍንጫዋን ጠርጋ እጄን ያዘችኝ።

“ማሚ፣ አንቺን ግን ፋይንድ ማድረግ አለብኝ። ድንጋይ አደርግልሻለሁ፣ ኦኬ?”

እናቴ ያለችንን ልነግራት ይገባ ነበር። እኔም አንድ ቀን ያንኑ ቃል አስገባታለሁ ብዬ ነበር። የረገጥኩትን በረዶ አየሁና፣ ከሥር የሚሰማ እንዳይኖር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ትልቅ አድርጊው” አልኳት።