በርበሬ የተቀባ አንገት

ርግብ ሳይ መጀመሪያ የማየው አንገቷን ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ጄኔቭ፣ የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ አንዷ መጥታ አረፈች። ያ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴም ወይን ጠጅም የሚመስለው አንገቷ ደረቅ ነበር፤ ላባዋ አልተጣበቀም። ደህና ናት አልኩ። እጄ ግን ሳያማክረኝ ቀሚሴ ላይ ተጠረገ። ልጄ «ማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጣው ወጣት አንዷ ሆኜ ዙሪክ ደርሻለሁ። አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር አንድ የኪራይ ሕንፃ ደረጃ እያጠብኩ የጽዳት ሙያ እማራለሁ። «ኤፍ» የሚሉትን ጊዜያዊ ወረቀት ይዤ «ቤ» የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ እጠብቅ ነበር። መጠበቅ ስልሽ ተቀምጬ አይደለም። መቀመጥ የሚባል ነገር አልችልም ነበር፤ ባቡር ውስጥ እንኳ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ሃውስቫርቱ፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ማለቴ ነው፣ ሽማግሌ ነበሩ። ተከራዩ ሁሉ ባልዲዬን ተሻግሮ ሲያልፍ ቆም ብለው «ግሩኤዚ» እያሉ ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለፈቃዱ ማመልከቻዬም «ታታሪና ታማኝ ናት» ብለው ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ከሕንፃው ጀርባ ነጫጭ ርግቦች ያረቡ ነበር። እህል ሲበትኑላቸው በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ድምፃቸው ያኔ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ከርግቦቹ አንዳንዶቹን ጭልፊት ይወስድባቸዋል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በቆመ ረጅም የጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ጥንድ ጭልፊቶች ጎጆ ነበራቸው። ጡረታ የወጡ አንዲት ሴትዮ ከሐዲዱ በላይ ባለው ድልድይ ላይ የሩቅ ማሳያ መነጽራቸውን በሦስት እግር አቁመው ጠዋት ጠዋት ይጠብቋቸዋል። ከሥራ ስወጣ ያሳዩኛል። በጭልፊቱ ዓይን ዙሪያ ያለውን ቢጫ ቀለበት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወደ ኋላዬ ሸሸሁ፣ የሚያየኝ መስሎኝ። ሴትዮዋ እነዚህን መግደል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ርግብ አርቢዎች ግን ደብቀው ይገድሏቸዋል ብለው ሲነግሩኝ ብዙም ልብ አላልኩም። ለእኔ ጭልፊት ሌባ ነው፤ ያደግሁት እሱን በድንጋይ እያባረርኩ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሃውስቫርቱ ርግብ ተወስዳባቸው አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ላስቃቸው ፈለግሁ። እናቴ ደሴ ከተማ፣ ጓሯችን ውስጥ ጭልፊት ጫጩቶቿን ሲጨርስባት፣ በርበሬ በዘይት ለውሳ አንገታቸውን ትቀባቸው እንደነበር ነገርኳቸው። በጀርመንኛ አንድ ወግ ከጫፍ ጫፍ ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። ግሱን ሁሉ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ፤ እሱ መቼም ለእኛ አይከብደንም።

«አንገታቸውን?» አሉኝ።

«አዎ፣ መጀመሪያ የሚነክሰው እዚያ ነው» ብዬ በጣቴ የራሴን አንገት አሳየኋቸው።

ሳቁ። እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዛፉ ማበብ ሲጀምር ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገንዳ ውስጥ ትንሽ ብሩሽ አገኘሁ። የሚያጣብቅ ነገር ነክቶታል፤ ነጭ ላባም ይዟል። የጽዳት ሰው ምን ያደርጋል? ብሩሹን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ፣ ገንዳውን እስኪያበራ ፈተግሁ። ጓንቴ ተቀዶ ስለነበር ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ዓይናቸው ቀልቶ ጠበቁኝ። ወንዱ ጭልፊት ከጭስ ማውጫው ሥር ሞቶ ተገኝቷል፤ ጥፍሩ ውስጥ ነጭ ርግብ አለች፣ አንገቷ መርዝ ተቀብቷል። ፖሊስ የማን ርግብ እንደሆነች ያጠያይቃል፣ ያየ ሰው ግን የለም አሉኝ።

ያየሁት እኔ ነኝ። ያጠብኩትም እኔ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያስተማርኩት እኔ! በዚያ ላይ ደብዳቤያቸው ማመልከቻዬ ውስጥ ነው፤ እሳቸውን ከሰስኩ ማለት ፈቃዴን በገዛ እጄ ቀደድኩ ማለት መሰለኝ። ቤት መግባት አቃተኝ። ኤስ ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ክሎተን ድረስ ሄጄ ሳልወርድ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። ሳምንት እንዲህ ሆንኩ።

በመጨረሻ እግሬ ድልድዩ ላይ አደረሰኝ። ሴትዮዋ መነጽሩን ለቀቁልኝ። ሴቷ ጭልፊት እንቁላሏን ታቅፋለች። ምግብ የሚያመጣላት እሱ ነበር። በየጊዜው ቀና ብላ ወደ አንድ አቅጣጫ ትጮሃለች፣ ትሰማለች፣ መልሳ ትተኛለች። እንባዬ መጣ። ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሳ ብሩሹንም፣ በርበሬውንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ፣ «የእናትሽ በርበሬ ይገድለው ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ! ያስነጥሰውና የጎረቤት ጫጩት ፍለጋ ይሄዳል።»

እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ አብረን ፖሊስ ጋ ሄድን።

ርግቦቹ በሣጥን ተጭነው ተወሰዱ። በማግስቱ ሃውስቫርቱን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። እንደ ወትሮው ቆሙ። አልተቆጡም። «ያደረግሁት አንቺ የነገርሽኝን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣ ያ ሁሉ ጀርመንኛ ጥሎኝ ሄደ። ትንሽ ጠበቁኝ፤ ከዚያ የባልዲዬን ውኃ እንዳይረግጡ ጥግ ጥጉን ይዘው ወጡ።

ፈቃዱን አገኘሁ። ደብዳቤያቸውን አልሻሩትም ነበር፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ። ሥራ አግኝቼ ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

መልሱ አሁን አለኝ። ሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ ስጠብቅ፣ ከንፈሬ በራሱ ጊዜ ይለዋል። ጀርመንኛው አንድ ስህተት የለበትም፣ ግሱም ቦታው ላይ ነው፦ «እናቴ እንዲሄድላት እንጂ እንዲሞት አልነበረም የፈለገችው።» በአጠገቤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው የሚያወራው።