የእድሩ ቃል

ዶክተር ወንደሰን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ጽፏል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሾላ ገበያ በላይ በተወለደበት ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር ደብተሩን ይዞ ጥግ ይይዛል። ማን ድንኳን ተከለ፣ ማን ንፍሮ ቀቀለ፣ ማን ሳይመጣ ቀረ፣ ሁሉን ይመዘግባል።

«ዝም በሉ፣ ደብተሩ መጣ» ይላሉ ጎረምሶቹ። እሱም ይስቃል። ሁለተኛ ዲግሪውም ዶክትሬቱም ከዚያ ድንኳን ወጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራቸው የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ሳይቀሩ «ዶክተር እድር» ይሉታል።

ተባባሪ ፕሮፌሰር ያሰኘው ግን የመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ነው። የወይዘሮ እታገኝ ልጅ ራሱን ያጠፋ ጊዜ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ ለካህናቱ «በሕመም ነው የሞተው» ብለው ነበር። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ልጁ በዚያች ቃል ከደብሩ ቅጥር ተቀበረ። ወይዘሮ እታገኝ ይህን ለወንደሰን የነገሩት ከአርባው በኋላ፣ ሆድ ሲብሳቸው ነው። እሱም የሰፈሩን ርኅራኄ ለማመስገን ጻፈው። ስማቸውን ለውጦ «አንድያ ልጇን የቀበረች፣ ከተራራው ጭራሮ እያወረደች የምትሸጥ መበለት» አለ። በእንግሊዝኛ እያለ ከሰፈሩ ያየው የለም። ዘንድሮ ወደ አማርኛ መልሶ አሳተመና፣ ኩራት ይዞት አንድ ቅጂ ለእድሩ ሰጠ። በሰፈሩ እንዲህ ያለች መበለት አንድ ብቻ ናት።

በሳምንቱ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ወይዘሮ እታገኝ ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ስበው ያልፋሉ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄደ። በሩ አልተከፈተም። መጽሐፉ ከእጅ እጅ ሲዞር ከደብሩ አለቃ ዘንድ ደረሰ መባሉን ሰማ።

እናቱ እማማ ዘርትሁን ክረምቱን እንደተኙ ነው። ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል።

«ወንዴ፣ እናቴም አያቴም ከቤታቸው ነው የወጡት» አሉት። «እኔም ከአልጋዬ ወደ ደብሬ። ቢላ እንዳይነካኝ፣ ሬሳ ቤት እንዳታሳድረኝ። በል ማል።»

«እማዬ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«ማል አልኩህ።»

ማለ።

ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ወንደሰን የፈራው እድሩ እንዳይቀርበት ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ እፎይ አለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሴቶቹ ሊገንዙ ገቡ፣ ወይዘሮ እታገኝም መጥተው ከሬሳው ራስጌ ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናህ» ከማለት በቀር ግን ያናገረው የለም። እሱ ሲቀርብ ወሬ ይቋረጣል።

ለቀብሩ ሰዓት ሊያስይዙ ደብር የሄዱት ጋሽ ተክለጻድቅ ዘግይተው መጡ።

«ወረቀት አምጡ ተባልን» አሉት፣ ለብቻው ወስደው።

«የምን ወረቀት?»

«የሐኪም። በምን እንደሞቱ የሚል። ከዚህ እድር ለሚመጣ ሬሳ ሁሉ ከእንግዲህ እንዲህ ነው።»

«ጋሼ፣ ሦስት ወር መተኛቷን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እርስዎ አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። አለቃው መጽሐፍህን ከጠረጴዛቸው አንስተው ገጹን አሳዩኝ።» ሽማግሌው አልተቆጡም። «አርባ ዓመት ቃሌ ይበቃ ነበር፣ ልጄ።»

ወንደሰን አለቃው እግር ላይ ሊወድቅ ሮጠ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ሆስፒታል ሲደውል፣ አስከሬኑ ለምርመራ ይምጣ፣ ወረቀቱ ነገ ይደርሳል አሉት። ቤት ገብቶ ይህን ሲናገር ሴቶቹ እጃቸውን ከከፈኑ ላይ አነሱ።

«ይከፍቷቸው ይሆን?» አለች አንዷ።

«እንጃ» አለ።

ወይዘሮ እታገኝ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አዩት። «ይኼንንም ትጽፈዋለህ?» አሉት፣ ቀስ ብለው።

 አራት ሰዎች ሬሳውን አንስተው የተጠራው መኪና ላይ ጫኑ። ወንደሰን ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሌላ አብሮት የወጣ የለም። ደብሩ ከላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሃል ይታያል። ሾፌሩ ፍሬኑን ለቀቀና ወደ ሆስፒታሉ ቁልቁል ወረዱ።