ፍሬን በተፈታበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ ወልቂጤ ውስጥ የቤት መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኛ ቤት ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረች። መኪና ነበረን ስላልኩ ባለጠጎች እንዳንመስላችሁ። አባዬ ከገበያው በታች ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት የነበረው አናጢ ነው። ቮልሷን ያገኛት አንድ ደንበኛው ግቢ ውስጥ ቆማ፣ የኋላ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነው። በአልጋና በቁምሳጥን ለውጦ በገመድ እያስጎተተ አመጣት። ውስጧ ቤንዚን፣ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክና ከአባዬ ልብስ የሚራገፍ ሰጋቱራ ይሸት ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጆች ተጠራርተን ገፍተን እናስነሳትና፣ ደብተራችንን ታቅፈን እስከ ትምህርት ቤቱ በር እንሳፈርባት ነበር።

እማዬ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ድምጿን ሳታነሳ ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ ዓይነት ሴት። የዚያን ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ነበረኝ ማለት ከተቻለ። ምጡ ቤት ውስጥ ጠንቶባት፣ መኪና ተፈልጎ ተፈልጎ ሲጠፋ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ወሰዳት። ሆስፒታል ስትደርስ ግን መሽቶ ነበር፣ ልጁም ሳያለቅስ ተወለደ። አባዬ ቮልሷን ያመጣት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዳመጣት ማንም አልነገረኝም፤ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው የጉብሬ መንገድ ስንመለስ ነው። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ቁልቁለት ስንወርድ አባዬ ፍሬን ያዘ። ቮልሷ በመቆም ፈንታ ወደ ቀኝ ተጎተተች። አህያ የሚነዱ አንድ ሰውዬ ዘለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ማንም አልተጎዳም፤ አባዬ ወርዶ ከቦዩ አወጣቸውና ይቅርታ ጠየቃቸው። ቤት እንደደረስን መኪናዋ ሥር ገብቶ ጠራኝና አሳየኝ። የፍሬኑን ዘይት ወደ ፊት ጎማ የምታደርሰው የጎማ ቱቦ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቃ፣ ዙሪያዋን ረጥባ ነበር።

«ፍሬን ስረግጥ ጉልበቱ እዚህ ጋ ያልቃል» አለኝ።

በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ አዳዲስ ቱቦዎች አስመጣ፤ ለግራና ለቀኝ። እማዬ መካኒክ እንዲሠራው ፈልጋ ነበር። የከተማው መካኒክ ግን ለቅሶ ሊደርስ ቡታጅራ ሄዶ ቀረ። አባዬም «እሱን ስንጠብቅ ቀኑ ይደርሳል። ገና ሳምንታት አሉሽ፣ እኔው እቀይረዋለሁ» አላት። ከዚህ ቀደም ጋራዥ ቆሞ ያየው ሥራ ነበር።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የግቢያችንን ደረቅ የእንሰት ቅጠል ከመኪናዋ ሥር አነጠፈ። በክሪክ አነሳትና የግንድ ጉማጅ ደገፈላት። ደጋግሞ ነቅንቆ ካላያት ከሥሯ አይገባም ነበር። የቀኙ ቱቦ ብዙም ሳያስቸግር ወጣ፤ አዲሱም ገባ። የግራው ላይ ግን ቱቦውን ዘይቱን ከሚያመጣው የብረት መስመር ጋር የሚያገናኘው ዳዶ ዝጎ አልላቀቅ አለ። አባዬ ላምባ አፈሰሰበትና እስኪርስ ድረስ ምሳ በላ። እኔ በሩ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱዚ እየዘለልኩ ነበር። ተራዬ ደርሶ ገመዱ ጉልበት ላይ ሲወጣ፣ ለእማዬ አራስነት ልታግዝ ከቸሃ የመጣችው የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ወርቄ፣ ከበረንዳው ስትጮህ ሰማሁ።

«ታደሰ! አንተ ታደሰ! የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ!»

አባዬ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ገና ነው እኮ» አለ፤ ለእኛ ይሁን ለቮልሷ አላውቅም።

አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ መኪና ፍለጋ ወጣች። የእህል ነጋዴው ፒክአፕ አዲስ አበባ ሄዷል። ሚኒባሶቹ ገበያተኛ ጭነው ወጥተዋል። ይዛ የተመለሰችው የጎረቤታችንን የጋሽ ሽኩርን የፈረስ ጋሪ ነበር። ጋሽ ሽኩር ከጋሪው ወርደው «አሰላሙ አለይኩም፤ ፈረሱ ጠግቧል፣ አላህ ያውቃል፣ እንሞክር» አሉ። እማዬ በመስኮት አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። መንገዱ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነው፤ በጋሪ እንኳን ምጥ የያዛት ሴት፣ እንቁላልም በደህና አይደርስበትም።

አክስቴ ወደ አባዬ ዞረች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጎማውን ግጠምና ንዳ!»

«ፍሬን የላትም።»

«ቀስ ብለህ ንዳ ነው የምልህ!»

«ቁልቁለቱን ማን ቀስ ያሰኛታል?» አላት። ድምፁ ተሰባበረ። «ድልድዩ ላይ ማን ያቆማታል?»

አክስቴ በጉራጊኛ ጀመረች። በአማርኛ የማይወጣላትን ሁሉ በጉራጊኛ ነበር የምታወጣው። ያለፈውን ልጅ አነሳች፣ ቃሬዛውን አነሳች። አባዬ ቆሞ ሰማት። ያን ጊዜ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ በረንዳው ላይ ወጣች።

«ለመጨረስ ብዙ ይቀርሃል?» አለችው።

«ዳዶው እሺ ካለኝ ብዙ አይቀረኝም።»

«እሺ ካላለህስ?»

አባዬ ወደ ቮልሷ ዞር ብሎ አየ። እሷም ምጧ መጥቶ እስኪሄድ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ልክ ለተማሪ እንደምትናገረው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አጥብቀህ አስረህ ጨርስ። እኔ እጠብቃለሁ» አለችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሽኩር ጋሪያቸውን አጥሩ ሥር አቁመው «እኔም እዚሁ ነኝ። ካቃተህ ጋሪው አለ» አሉ።

አባዬ ተመልሶ ገባ። ቁልፉ ዳዶው ላይ ሲንሸራተት፣ እጁ ከብረት ሲጋጭ፣ በዝግታ ሲራገም ይሰማኝ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ የዳዶው ጠርዝ እየተላጠ፣ የብረት መስመሩም አብሮ እየተጠመዘዘ ነበር። መስመሩ ቢሰበር መለወጫ የለም፤ አለቀ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሁሉንም ትቶ ወጣና ግንባሩን የቮልሷ ክንፍ ላይ አሳረፈ። እየጸለየ ይሁን እያለቀሰ አላወቅሁም፤ ጠጋ ብዬ ለማየትም ፈራሁ። ከበረንዳው የእማዬ ትንፋሽ ይሰማል፤ ረዘም ይልና ይቆረጣል፣ ረዘም ይልና ይቆረጣል።

ከዚያ ብድግ ብሎ ቢላ አምጪልኝ አለኝ። ጫፉ ብቻውን እንዲዞር አሮጌውን ቱቦ መሐል ለመሐል ቆረጠው። ዳዶውን በፒንሳ እንዳይዞር አንቆ ያዘና፣ በዳዶው ፈንታ የቱቦውን ጫፍ በትልቁ ቁልፍ ያዞር ጀመር። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አዲሱን ቱቦ አሠረ፤ ጎማውን ገጥሞ መኪናዋን አወረደ። ከዚያ እኔን ሹፌሩ ቦታ አስቀመጠኝ። እግሬ እንዲደርስ ከመቀመጫው ጫፍ ላይ ተንሸራትቼ መሪውን ማቀፍ ነበረብኝ። «መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል» አለኝ። «አየር እያለ ፍሬኑ ትራስ ነው። ርገጪ ስልሽ ትረግጫለሽ፣ ያዢ ስልሽ ትይዣለሽ። ልቀቂ ሳልልሽ እግርሽ ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ገባሽ?» ገባኝ። ለአክስቴም የፊቱን ኮፈን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ቆርቆሮ አስያዛት። «ዘይቱ ከዚህች መስመር እንዳይወርድ እያየሽ ጨምሪ። ከዚህ ሌላ ዘይት በከተማው የለም።» ከጠዋት ጀምሮ አፏ ያልተዘጋው አክስቴ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሕፃን መድኃኒት ጠብ እያደረገች፣ ጭጭ አለች።

«ርገጪ! ልቀቂ! ርገጪ! ያዢ!»

ስይዝ መርገጫው ከእግሬ ሥር እየሰመጠ ይወርድ ነበር። ከጎማው በኩል ዘይቱ በቀጭን ላስቲክ ወደ ብርጭቆ ሲወርድ አረፋው ይንተከተካል፤ ያ የዘይት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ቀኙን ጨረስንና ወደ ግራው ዞርን። እግሬ ዛለ። በዚህ መሐል እማዬ በረንዳው ላይ መቀመጥ አቅቷት ጋቢዋን ለብሳ ወጣች። ክፍት የነበረውን የመኪናዋን በር ጫፍ ይዛ አጠገቤ ቆመች።

አባዬ «ያዢ!» ባለበት ቅጽበት ምጡ መጣባት። ትከሻዬን ጨበጠችው። ጣቶቿ አጥንቴ ድረስ ገቡ። ከደረቷ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊት ከሰው ሰምቼው አላውቅም። ሁለመናዬ ዘወር ብሎ ሊያቅፋት ፈለገ፤ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ጥርሷን ነክሳ፣

«እግርሽን… አታንሺ» አለችኝ።

አላነሳሁም። እያለቀስኩ ረግጬ ያዝኩ። እሷ እኔን ይዛ፣ እኔ ፍሬኑን ይዤ፣ ሁለታችንም «ልቀቂ» እስክንባል ቆየን። ሲባል አብረን ለቀቅን። አባዬ ከታች «አረፋው አልቋል! እስቲ አሁን ርገጪ» አለ። ረገጥኩ። መርገጫው አልሰመጠም። ድንጋይ እንደ ረገጥኩ ሆኖ ቆመ።

ጋሽ ሽኩር የግቢውን በር በረገዱት፤ ቮልሷንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ገፍተው አስነሱልን። አባዬ በሩ ላይ አንዴ ፍሬን ይዞ ሞከራት፤ ቮልሷ ቀጥ ብላ ቆመች። እማዬና አክስቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ጋሽ ሽኩር ከኋላችን «ኬር ያግባችሁ!» ብለው ሰላሙን በጉራጊኛ ሲመኙልን ሰማኋቸው። ጉብሬን አልፈን ወደ ድልድዩ የሚያወርደው ቁልቁለት ጋ ደረስን። ድልድዩ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ይሻገሩ ነበር። አባዬ ረገጠ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለችም፤ ከመጨረሻዋ ላም ጭራ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። አባዬ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «አየሁ፤ ንዳ» አለችው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ገና እንዳየቻት ተቆጣች። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አባዬ የቆሰሉና የጠቆሩ እጆቹን አየ። ባለጎማው አልጋ ላይ የተኛችው እማዬ ናት ቀና ብላ፣ «እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት። እሱን አትቆጪው» ያለቻት።

ውጪ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አክስቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወዲህ ወዲያ ትላለች። አባዬ እጁን ለመታጠብ እንኳ አልተነሳም። ብዙ ቆየን፤ በኋላ እንደሰማነው እትብቱ የሕፃኑ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ድንገት ከመስኮቱ የሕፃን ለቅሶ መጣ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ? የኛ ነው?»

ነርሷ ብቅ ብላ ስሙን እስክትጠራው ድረስ ክንዴን አልለቀቀም። ወንድሜን ኬርዓለም አሉት። ዛሬ ረዥም ጎልማሳ ነው፤ ያን ሁሉ ጣጣ ስናወራለት ያጋነንን ይመስለዋል።

እኔም አይፈረድበትም እላለሁ። ያ ኮረኮንች አሁን አስፋልት ነው፤ ባጃጅ ሳይቀር ይመላለስበታል። ድልድዩን ሳላየው የማልፍበት ጊዜ አለ። ባለፈው እኔ ራሴ አዲስ አበባ ስወልድ ባለቤቴ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና መኪና ደጃችን ደረሰ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሹፌሩን አናውቀውም፣ እሱም አያውቀንም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተቆጣም፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ግቡ ያለንም ሰው አልነበረም። በሰላም ወለድኩ። እንዲህ መሆኑ ተመስገን ነው፤ የዚያን ቀን ፍርሃት ለማንም አልመኝም። ግን መኪናው ውስጥ ምጡ ሲመጣብኝ እጄ የሚጨብጠው ትከሻ ፈልጎ ነበር።

መውለዴን ልነግራቸው ወላጆቼ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳው አባዬ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቀኝም። ድምፁ አርጅቷል፣ ጆሮውም እንደ ድሮው አይሰማም።

«ሹፌሩ ሰክኖ ነዳ?» አለኝ።

ከኋላው እማዬ ስትስቅ ተሰማኝ።

«ሰክኖ ነዳ፣ አባዬ» አልኩት።

«ጎሽ» አለና ስልኩን ለእሷ ሰጣት።