ከማን ሰማሽ?

ታክሲው ከዊንጌት ወደ ላይ ሲወጣ ፖሊሶች አስቆሙትና ሁላችንም ወረድን። መታወቂያ የሚያየው አንድ ወጣት ፖሊስ ነበር። የእኔን ተቀብሎ ፊቴን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ከዚያ ካርዱን ወደ ራሱ አዙሮ ያዘና «የአያትሽ ስም ማነው?» አለኝ።

ነገርኩት። የነገርኩት ስም ግን ካርዱ ላይ ያለው አልነበረም።

«እንደገና በይ» አለ።

ድምፄ አልሰማ ብሎት መስሎኝ ከፍ አድርጌ ደገምኩት። የተሰለፉት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። የሰው ስም ከየት አገር እንደመጣ የሚጣራበት ጊዜ ነበር። እኔ የጠራሁት ስም ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው ጮክ ብሎ ከማያነሳው አገር ነው። ሌሎቹ ተመልሰው ተሳፈሩ። ረዳቱ መቀመጫ ላይ የረሳሁትን ፌስታል በመስኮት አቀበለኝና ዓይኔን ሳያይ በሩን ዘጋ።

ጣቢያ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የስብሰባ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ይመስለኛል። እግራቸው የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበሮች ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በረኪናና ሽንት ይሸታል። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፣ መስታወት የለውም። ነፋስ ሲነሳ ከእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ረዳቶቹ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲሉ ይሰማል። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ በዕድሜ የእኔ እኩያ ናት፣ ስልኳ ላይ ላይቭ ገብታ በተናገረችው ነው የተያዘችው። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ መኝታ ግን አልቋል» አለችኝ። ሌላዋ ከወሎ የመጡ ባለሱቅ ናቸው። ጓሯቸውን የተከራየው ልጅ ሲጠፋ እሱ እስኪገኝ ተብለው የተያዙ ናቸው። እትዬ ነበር የምንላቸው። ከፍራሻቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አብሽሪ ልጄ። ምን አድርገሽ ነው?»

«የአያቴን ስም ተናግሬ።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «በስም ብቻ? እኔ እኮ ስንት ሺህ ሰው እያየኝ ተሳድቤ ነው! ሼም ነው፣ ወላሂ።»

«ዝም በይ አንቺ» አሏት እትዬ። ወደ እኔ ዞረው «ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እናቴ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች ነው ያሳደገችኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተች፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ። አባቴን ከስሙ በቀር አላውቀውም፣ እሷም አታነሳውም ነበር። ጎረቤታችን ወስዳ አሳደገችኝ። መታወቂያ ላወጣ ስንሄድ ሠራተኛው የአያት ስም ሲጠይቅ፣ አሳዳጊዬ ሳታመነታ የራሷን አባት ስም ሰጠች። እሷ በፍቅር ነው ያደረገችው። እኔ ግን ካርዱን ባየሁ ቁጥር የተውሶ ልብስ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ መፈለግ ጀመርኩ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ሳህን ማጠብ ግን እችላለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን እየሄድኩ ሳህን አጥባለሁ፣ እያጠብኩም እሰማለሁ። ሽማግሌዎች ለቅሶ ላይ ሲቀመጡ እገሌ የእገሌ ልጅ ነው፣ በእናቱ በኩል ከእነ እገሌ ይወለዳል ይባባላሉ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ውሃ እንዳፈስላቸው እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። ውሃው ሲፈስ ፊቴን ነበር የሚያዩት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ከሱ ጋር ካገራቸው አብረው መጥተው አብረው በዘበኝነት ሠርተዋል። በሳምንቱ እሑድ ቤታቸው ሄድኩ፤ የአያቴን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሴት አያቴንና ከእሷ በላይ ያሉትን ሊነግሩኝ ሲሉ ሳል ያዛቸው። «ሌላ ቀን ነይ፣ ዛሬ ደከመኝ» አሉ። በር ላይ ሲሸኙኝ ደግሞ «እኔን ግን አታንሺኝ ልጄ፤ እዚህ ሰፈር ከየት እንደመጣሁ የሚያውቅ የለም» አሉኝ።

የሽማግሌውን ነገር ለእትዬ አልነገርኳቸውም። አንድ ሰው ነገረኝ ብቻ አልኩ።

እትዬ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ጉልበታቸው ላይ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልን። ሦስተኛው ላይ ክርስቲያን ሆነ፣ አምስተኛው ላይ ተመልሶ እስላም ሆነ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ዘር ታክሲ ነው እንዴ?» አለች ልጅቷ። «እዚህ ወርዶ እዚያ ይሳፈራል!»

«ወሎ ነዋ!» ብለው ራሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስለሌለን ያስተምሩኝ ጀመር። «ከሙት አትጀምሪ» ይሉኛል። «በእጅሽ ካለው ሕያው ጀምሪና አንድ አንድ እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ስም ብቻውን አትያዢ፣ ስም ይመሳሰላል። የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ማን ቀበረው በይ። አባቶቹን ወንዶች ይነግሩሻል። እናቶቹን ግን አራስ የጠየቀች ሴት ፈልገሽ ካልጠየቅሽ አታገኚም።» ደግሞ ሁልጊዜ የሚደግሙት አንድ ነገር ነበራቸው። ስም በሰማሽ ቁጥር ከማን እንደሰማሽ አብረሽ ያዢ ይላሉ። ሁለት ሰው ሁለት ስም ሲነግርሽ የማንን እንደምታምኚ የምታውቂው ያኔ ነው።

እየጠየቁ ይፈትኑኛል። የእናቴ እናት እንዴት ሞተች? በወሊድ። ከማን ሰማሽ? ከእናቴ፣ እንጨት አውርደን ስናርፍ። ሳላውቀው ብዙ አውቅ ነበር። ወደ አባቴ ወገን ስንመጣ ግን ያው አንድ ሰው እላለሁ። «አንድ ሰው ምስክር አይሆንም» ይሉኛል ቅር እያላቸው።

መርማሪው ጋ የወሰዱኝ ጠዋት ነው። ሰውየው አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ የታሸገ ውሃም አስቀመጠልኝ። መታወቂያዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«እህቴ፣ አያትሽ ማንም ይሁን፣ እኔን አያገባኝም። እዚህ የተጻፈው ሌላ፣ አንቺ የምትዪው ሌላ። ይሄን አዲሱን ስም ከማን ሰማሽ?»

ውሃውን አንስቼ ክዳኑን ማዞር ጀመርኩ።

«ማን እንደነገረሽ ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወለሉን ነበር የማየው። ጫማው አዲስ ነበር። እስከ ነገ አስቢበት ብሎ መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ስነግራቸው እትዬ ጣቶቻቸውን ጨበጡ። «እኔም እሱም አንድ ነገር ነው የጠየቅንሽ» አሉ።

ልጅቷ ተቆጣች። «ሰውየው ምንሽ ነው? ስሙን ስጪና ውጪ! እኔ እኮ የምሰጠው ስም ቢኖረኝ አንድ ደቂቃ አላድርም ነበር። እትዬ፣ ይንገሯት እንጂ!»

«እኔ ምን ልበላት?» አሉ እትዬ። «የምታውቀው እሷ ናት።»

ያን ቀን ስማቸው አፌ ውስጥ ነበር። ልናገረው ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ጋ ደረስኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጠይቀው ይለቋቸዋል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ከዚያ ያ ሳላቸው ይመጣብኛል። እዚህ ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ ይታየኛል። ለእሳቸው ብቻ አስቤ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል። እሳቸው ከተወሰዱ የሴት አያቴን ስም ማንን ልጠይቅ ነው? መውጣት እፈልግ ነበር፤ ብወጣ ደግሞ የምሄድበት አንድ በር እሱ ነው። አሳዳጊዬ በር ላይ ያደረሰችልኝ ምግብ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ሲጠሩኝ እትዬ ሻሼን አስተካክለው አሰሩልኝ። ምንም አልመከሩኝም።

«እህ፣ ከማን ሰማሽ?» አለ መርማሪው።

«ከእናቴ።»

«እናትሽ ሞታለች ብለሻል።»

«ሳትሞት ነው የነገረችኝ።»

«ታዲያ መታወቂያ ስታወጪ ለምን አልተናገርሽም?»

ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት። ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ለእኔ ቀላል አይደለም።

«አፍሬ» አልኩት።

ብዙ አየኝ። ሲያጽፍ ግን ያልኩትን ነው ያጻፈው፤ አንብቤ ፈረምኩ። እናቴ ስለ አባቴ ወገን አንድ ቀንም ነግራኝ አታውቅም። የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ግን ቁጭ ብላ ሁሉን ነግራኛለች። ዕድሜዬን በሙሉ ብታደርገው ብዬ የተመኘሁትን እዚያ አደረገችው።

ቤት እገባለሁ ብዬ አልጠበቅሁም፣ አልገባሁምም። ክፍሉ ስመለስ እትዬ ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ።

«ከእናቴ ነው አልኩ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ሙት አይታሰር» አለች ልጅቷ። ከዚያ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ቆየሁ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ በመስኮቱ ይገባብን ነበር፤ ፍራሹ አልደርቅ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ስሜን ጠርተው ውጪ አሉኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እትዬ ገና እዚያው ነበሩ። «ሳይመሽ ሂጂና ጠይቂ» አሉኝ በሩ ሲዘጋ።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ የማላውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። ከውስጥ ልጅ የታቀፈች ሴት ወጣች።

«ሽማግሌውን ነው? ለቀዋል እኮ። አንዲት ልጅ ተያዘች ሲባል ሰምተው ነው አሉ፣ በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ዕቃቸውን እንኳን አልወሰዱም።»

«የት ሄዱ?»

«ማን ያውቃል? ትናገርብኛለች ብለው ፈርተው ይሆናል። ሰው ሲጨንቀው ምን ያድርግ?»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ውሃ ልስጥሽ አለችኝ።

አሁን ውጭ ነኝ፣ እሠራለሁ፣ እበላለሁ። እትዬ እንዳስተማሩኝ በእናቴ በኩል አራት ቤት ደርሻለሁ፤ እያንዳንዱን ከማን እንደሰማሁት አውቃለሁ። በአባቴ በኩል አንድ ስም ላይ ቆሜያለሁ። የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ከሁሉ የሚያመኝ ግን እሱ አይደለም። አንድ የታመሙ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት፣ የሆነ ቦታ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጡ ነው። አሳልፋ ሰጥታኛለች ብለው እንደሚያስቡ ነው የማስበው።

ማን እንደሆኑ እዚህም አልጽፍም። እሳቸው ራሳቸውን ያውቃሉ። ይህ ጽሑፍ ደርሶዎት ሰው ካነበበልዎ፣ አባባ፣ ስምዎን አልጠራሁም። የሚፈልግዎ ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር። ሴት አያቴ ማን ትባል እንደነበር ገና አልነገሩኝም።