የሰመረው ስለት

ለሚካኤል የተሳልኩትን የታቦት ጥላ ጎንደር ገበያ ገዝቼ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለልኩት። ቀዩ ከፋይ አቧራ እንዳይጠጣ ነው ብዬ ለሹፌሩ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። የማርፈው ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ከምላት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። ጥላውን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሰሞን የሁለታችንንም ልጆች ማጅራት ገትር ያዛቸው። እኔ የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ ሆስፒታሉ ከቤቴ በባጃጅ ቅርብ ነው። እሷ ልጇን አዝላ ማኪና ስትጠብቅ ዋለች። በስልክ እየተላቀስን አንድ ዓይነት ስለት ተሳልን፤ ልጆቻችን ከዳኑ ለተወለድንበት ደብር ለሚካኤል አንድ አንድ ጥላ ልናስገባ። ልጄ ዳነ። የእሷ ልጅ አልዳነችም። ለቀብሩም አልደረስኩም፤ ልጄ ገና አልጋ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምላት አንድ ነገር ነበር፤ "እግዜር ወዷት ነው የወሰዳት፣ እታለም።" እሷም "አሜን" ትለኛለች። ቃሉን ከለቅሶ ቤት የለመድኩት ነው። አፌ ላይ ስለሚቀለኝ ሌላ አልፈለግሁለትም።

በሚካኤል በዓል ዋዜማ ጠዋት እታለም ደጅ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። ጆንያው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ የጥላው ዘርፍ በአፉ ወጥቷል።

"ምነው ደበቅሽው?" አለችኝ ሰፌዷን ሳታስቀምጥ።

"አቧራ እንዳይነካው..."

"የቤቴን አቧራ ፈርተሽ? በይ አውጪውና ልየው።"

አወጣሁት። መዳፏ ገለባ ነክቶት ስለነበር ከፋዩን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። "ሸጋ ነው" አለች። ዝም ማለት አቃተኝና ያንኑ ቃል ደገምኩት፤ ወዷት ነው የወሰዳት።

"ያንቺን ልጅስ አይወደውም?"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጋ እንደጠየቀች ነው። መልስ ፈለግሁ። ኢዮብ መጣልኝ፣ ፈተና መጣልኝ፣ የማይመረመር ፈቃዱ መጣልኝ። ሁሉም እውነት ናቸው፣ አምናቸዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሁሉም እኔን ከጥያቄዋ ለማስመለጥ የመጡ መሰለኝ።

"እንጃ፣ እታለም" አልኩ።

"እሱን በይኝ እንጂ።" ገብሱን አንገዋለለችው። "እኔና ሚካኤል እንደሆን ተኳርፈናል። ደጁን ስሳለም አላናግረውም።"

"ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?"

"የተኳረፈ ሁሉ ቤት ለቆ ይወጣል እንዴ? ባሌን ስንት ጊዜ አኩርፌው አብሬው እራቴን በላሁ።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ፊቴ ጋለ። ዓመት ሙሉ "አሜን" ስትለኝ የኖረችው ቃሌ አጽናንቷት አልነበረም። የተጨነቅሁት እኔ ስለነበርኩ እሷ እኔን ታጽናና ነበር።

በማግስቱ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ከበበው። ስለቱ የሰመረለት ሰው ወጥቶ መመስከር ደንብ ነው። ቄሱ ማይኩን አቀበሉኝና "ምን ለምነሽ ምን ተደረገልሽ? ለምእመናኑ ተናገሪ" አሉኝ። ንግግሬን በመንገድ ላይ ሳሰናዳ ነው የመጣሁት። በእምነት ለመንኩት፣ ሰማኝ ልል ነበር። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። በእምነት ስለለመንኩ ሰማኝ ካልኩ፣ እሷን ምን ማለቴ ነው?

"ልጄ ታሞ ነበር። ድኗል" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው፣ አባቴ።"

ቄሱ ጠበቁኝ። ሕዝቡም ጠበቀኝ። ከሴቶቹ በኩል አንድ እልልታ ብቻውን ተነሣ፤ ሌሎቹ ቆይተው ተከተሉት። ድምፁ የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቀና ብዬ ላያት ግን አልደፈርኩም፤ አቀርቅሬ ማይኩን የሚቀበለኝ እጅ ፈለግሁ።